የእንግሊዝኛ የማቋረጥና የመቀላቀል ግሦች

በእንግሊዝኛ የነገሮችን መገናኘት የሚገልጹ ግሦች ብዙ ሲሆኑ፣ ትናንሽ መዝገበ ቃላት አብዛኞቹን «አቋረጠ» ወይም «ቀላቀለ» በሚሉ ፍቺዎች ጠቅልለው ስለሚያልፏቸው፣ ተማሪው አንዱን በሌላው ቦታ ሲያስገባ ይታያል። ግሦቹን ለመለየት የሚያዋጣው ነገሮቹ ከተገናኙ በኋላ የእያንዳንዳቸው ማንነት ምን እንደሚሆን መመርመር ነው።

ክሮስ ከላቲኑ «ክሩክስ»፣ ማለትም መስቀል ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ አስቀድሞ ስም ሆኖ ከገባ በኋላ ወደ ግስነት ተሸጋግሯል። ወንዝ መሻገር፣ እግርን አነባብሮ መቀመጥና ላምን ከሌላ ዝርያ ኮርማ ማዳቀል ሁሉም በዚሁ ግስ ይነገራሉ። በቼክ ፊት ላይ ሁለት ትይዩ መስመሮችን ማስመርም በዚሁ ስም ይጠራል፤ እንዲህ የተሰመረበት ቼክ በባንክ መስኮት በጥሬ ገንዘብ አይመነዘርም፣ ወደ ሒሳብ ይገባል እንጂ። ከማዳቀል በስተቀር በእነዚህ አጠቃቀሞች ሁሉ የተገናኙት ነገሮች እንደነበሩ ይቀጥላሉ። ኢንተርሴክት ግን ጠበብ ያለ ነው፤ «መካከል» እና «መቁረጥ» ከሚሉ ሁለት የላቲን ቃላት የተገኘ በመሆኑ ትኩረቱ መስመሮች በሚቆራረጡበት ነጥብ ላይ ነው፤ የጂኦሜትሪ መጻሕፍትም የሚመርጡት ይህንኑ ነው። ሰው መንገድ ክሮስ ያደርጋል፤ ኢንተርሴክት የሚያደርጉት መንገዶቹ ራሳቸው ናቸው።

ወደ መቀላቀል ሲገባ ልዩነቱ ይረቃል። ሚክስ የተባለው ግስ አመጣጡ እንግዳ ነው፤ ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የገባው ቃል «ሚክስት» የሚል፣ ትርጉሙም «የተደባለቀ» የሆነ ቅጽል ነበር፤ ተናጋሪዎች ግን የመጨረሻዋን «ት» የኃላፊ ጊዜ ምልክት አድርገው ስለወሰዷት፣ እርሷን ገንጥለው ቀድሞ ያልነበረ ግስ አወጡ። ብሌንድ በአንጻሩ በእንግሊዝ ምድር ከሰፈሩት የስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ፣ «ብላንዳ» ከሚለው ግስ ጋር የተያያዘ ነው።

የሁለቱን ልዩነት በአማርኛም ስማቸውን እንደያዙ የገቡት ሁለት መሣሪያዎች ያሳያሉ። በግንባታ ቦታ ሚክሰር ሲሚንቶን፣ አሸዋን፣ ጠጠርንና ውሃን አሽከርክሮ የሚያወጣው ኮንክሪት አንድ ወጥ አካል ቢመስልም፣ ከደረቀ በኋላ ሲሰበር ጠጠሩ በስብራቱ ላይ ተለይቶ ይታያል። በጁስ ቤት ብሌንደር ውስጥ የገባው አቮካዶና ወተት ግን ከመላሙ የተነሣ የትኛው የት እንዳለ ማመልከት አይቻልም። (ስፕሪስ ከሁለቱም ውጭ ነው፤ ጁሶቹ ለየብቻ ተፈጭተው በብርጭቆው ውስጥ ይደራረባሉ እንጂ አይቀላቀሉም።) ይሁን እንጂ ልዩነቱ ጥብቅ ሕግ አይደለም፤ ለምሳሌ ቡና ቆይዎች የይርጋ ጨፌን ቡና ከብራዚል ቡና ጋር አዋጥተው የሚያዘጋጁትን ብሌንድ ይሉታል፤ ፍሬዎቹ በዓይን ቢለዩም የታለመው በስኒው ውስጥ የሚገኘው አንድ ወጥ ጣዕም ነውና።

ሚንግል ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የወረደ ሲሆን፣ «ከ… መካከል» ተብሎ ከሚተረጎመው አመንግ ከተሰኘው ቃል ጋር ዝምድና አለው። በግብዣ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ መጨዋወት በዚህ ግስ የሚገለጸውም፣ እንግዶቹ ቢቀላቀሉም እያንዳንዱ ራሱን ሆኖ ስለሚቆይ ነው። መርጅ የዚህ ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል፤ ላቲናዊ ሥሩ «ማጥለቅ» ማለት ሲሆን፣ በእንግሊዝ የሕግ ቋንቋ ውስጥ አነስተኛው መብት በትልቁ ተውጦ መቅረቱን ያመለክት ነበር። የድርጅቶች ውሕደት በዚህ ግስ ሲነገር፣ ቃሉ ራሱ ቢያንስ አንደኛው ወገን እንደሚሰጥም ይጠቁማል፤ በኩባንያ መግለጫዎች ላይ በእኩልነት የተፈጸመ ጋብቻ መስሎ መቅረቡ ከታሪኩ ጋር ብዙም አይስማማም።

ኮንፊውዝ በላቲን «አንድ ላይ ማፍሰስ» ማለት ሲሆን፣ ዛሬ ግን በዋናነት የሚያገለግለው የአእምሮን ግራ መጋባት ለመግለጽ ነው። ሚክስ የተሰኘውም «አፕ» ሲጨመርበት አንዱን በሌላው ማሳሳትን ያመለክታል። የአማርኛ ተናጋሪም «ነገሩ ተደበላለቀብኝ» ሲል ይህንኑ መንገድ ይከተላል፤ እንግሊዝኛው በአነስተኛ ጭማሪ ቃል የሚያመጣውን ለውጥ ግን አማርኛ የግሱን ፊደል በመድገም ያመጣዋል።