ሳተላይቱ አያየንም፤ ታዲያ ማን ያየናል?

ከዓመታት በፊት በአውሮፓ ለዶክትሬት ትምህርት በነበርንበት ጊዜ፣ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ መንገድ ጠቋሚ መሣሪያ በርካሽ ገዝተን ነበር። በመኪና መስታወት ላይ የሚለጠፍ፣ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ፣ «ወደ ቀኝ ታጠፍ፤ ወደ ግራ ታጠፍ» እያለ የሚናገር ዕቃ ነው። እንደ ከፈትነው «ቤት» የሚለውን ቁልፍ ነካን። መሣሪያው ሳያመነታ ወደማናውቀው ሰፈር፣ ወደማናውቀው በር ሊመራን ተነሣ። ለካስ የቀድሞው ባለቤት ዕቃውን ሲሸጥ በውስጡ ያለውን አላጠፋውም ኖሯል። ከ«ቤት» በታች የቅርብ ጊዜ ጉዞዎቹ ተደርድረዋል፤ አንድ ሆስፒታል፣ አንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት፣ አንድ የመቃብር ስፍራ። ሰውየውን አይተነው አናውቅም። ነገር ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የት እንደሚያድር፣ ማን እንደታመመበት፣ ማን እንደሞተበት ስንገምት ራሳችንን አገኘነው። አፍረን ሁሉንም ደመሰስነው።

ያ ሰው የሸጠው አንድ ዕቃ ነው፤ ሳያውቀው የሰጠን ግን የሕይወቱን ካርታ ነው። አሁን ጥያቄውን ከፍ እናድርገው። የሚሸጠው አንድ መሣሪያ ሳይሆን መሣሪያውን የሚሠራው ኩባንያ ራሱ ቢሆንስ? ገዢውም አፍሮ የሚደመስስ ተማሪ ሳይሆን ከማስታወቂያ የሚተዳደር ግዙፍ ኩባንያ ቢሆንስ? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው። ነገሩን በሚገባ ለመረዳት ግን ከፊዚክሱ መነሣት ይኖርብናል።

የሚሰማ እንጂ የማይናገር መሣሪያ

ስለ ጂፒኤስ ስናስተምር ተማሪዎቻችን ዘወትር የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ «ሳተላይቱ የት እንዳለን ያውቃል ወይ?» የሚል። መልሱ አጭር ነው፤ አያውቅም።

እንደሚታወቀው የአሜሪካው የጂፒኤስ ሥርዓት ከምድር ገጽ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው በሚዞሩ፣ ቢያንስ 24 በሚሆኑ ሳተላይቶች የሚሠራ ነው። እያንዳንዱ ሳተላይት እጅግ ትክክለኛ የሆነ አቶሚክ ሰዓት ተሸክሟል። ሥራውም «እኔ እገሌ ነኝ፤ ያለሁት እዚህ ላይ ነው፤ ሰዓቴም ይህን ይላል» የሚል መልእክት በሬዲዮ ሞገድ ያለማቋረጥ ማሰራጨት ነው። ሞገዱ በብርሃን ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከአናታችን በላይ ካለ ሳተላይት ተነሥቶ እኛ ዘንድ ለመድረስ 67 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በእጃችን ያለው ተቀባይ ይህን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት አባዝቶ ርቀቱን ያገኛል። ከሦስት ሳተላይቶች የተገኙ ሦስት ርቀቶች ቦታችንን ለማወቅ በበቁ ነበር። ይሁን እንጂ የተቀባዩ የራሱ ሰዓት ርካሽ በመሆኑ ስሕተት አያጣውም፤ የማይክሮ ሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት ደግሞ ርቀቱን በ300 ሜትር ያዛባዋል። ይህን ለማረም አራተኛ ሳተላይት ያስፈልጋል።

ከዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ ተቀባዩ አንዲት ቃል እንኳ ወደ ሰማይ አልመለሰም። ማታ ቤቱ ተቀምጦ ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ጣቢያውን ይሰማል እንጂ ጣቢያው እርሱን እንደማይሰማው ሁሉ፣ ሳተላይቱም የሚያዳምጡትን አይቆጥርም፤ አያውቅምም። ምልክቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ ኃይሉ አንድ ዋት ለ10 ሺህ ትሪሊዮን ቢካፈል የሚገኘውን ያህል ደካማ ነው። በስልክ ውስጥ ያለ ትንሽ ተቀባይም ይህን ያህል ርቀት ተሻግሮ ለሳተላይቱ ምላሽ ልስጥ ቢል አይሆንለትም፤ ለዚህም አልተሠራም። ስለዚህ ጂፒኤስ በተፈጥሮው ምስጢር ጠባቂ ነው። ቦታችንን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን።

የመልሱ መንገድ

ታዲያ ያለንበት ቦታ ወደ ሌላ ወገን የሚደርሰው በምን በኩል ነው? በሁለተኛ መንገድ፣ ማለትም በተንቀሳቃሽ ስልክ ኔትዎርክ በኩል ነው። የመጀመሪያዎቹ የመኪና መንገድ ጠቋሚዎች ጆሮ እንጂ አፍ አልነበራቸውም። በኋላ ግን የሞባይል ግንኙነት ተጨመረላቸው፤ የዛሬ ስልኮቻችን ደግሞ ከመነሻቸው ሁለቱንም ይዘው የተሠሩ ናቸው።

አፍ የተጨመረበት ምክንያት መልካም ነበር። ካርታ መንገዱ ወዴት እንደሚሄድ ይነግረናል እንጂ በዚህ ሰዓት መዘጋጋቱን አያውቅም። ይህን የሚያውቁት በመንገዱ ላይ ያሉት መኪናዎች ናቸው። በአንድ ጎዳና ላይ ያሉ ሃምሳ መሣሪያዎች ቦታቸውንና ፍጥነታቸውን ወደ አንድ ማእከል ቢልኩና ሁሉም በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር እየተሳቡ መሆናቸው ቢታወቅ፣ ሃምሳ አንደኛው አሽከርካሪ በሌላ መንገድ እንዲሄድ ሊመከር ይችላል። አምቡላንስ ይፈጥናል፤ ነዳጅ ይቆጠባል። ይህን ጥቅም መካድ አይቻልም።

ይሁን እንጂ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው፣ ለአንድ ዓላማ የተከፈተ መንገድ ለሌላ ዓላማም ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በኔዘርላንድስ የታየው ለዚህ ምስክር ነው። ታዋቂው የመንገድ ጠቋሚ አምራች ቶምቶም ከደንበኞቹ መሣሪያዎች የሰበሰበውን የፍጥነት መረጃ፣ ለመንገድ ደኅንነትና ለትራፊክ ዕቅድ ይጠቅማል በሚል ለመንግሥት ሸጦ ነበር። ፖሊስም መረጃውን ተጠቅሞ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ካሜራዎችን የት ላይ እንደሚተክል ወሰነ። መረጃው የብዙዎች ድምር እንጂ የማንንም ግለሰብ ጉዞ ለይቶ የሚያሳይ አልነበረም። ቢሆንም በገዛ ገንዘባቸው የገዙት መሣሪያ ለቅጣት መንገድ ጠረገ ብለው ደንበኞች ተቆጡ፤ የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅም ይቅርታ ጠየቀ።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

ይህ የሆነው መረጃው ገና በሰብሳቢው ኩባንያ እጅ ሳለ ነው። ኩባንያው ራሱ ሲሸጥ ነገሩ ይከብዳል። ያለፉትን ዓመታት መለስ ብለን ብንመለከት በዚህ ዘርፍ ሽያጭ በሽያጭ ላይ ተደራርቦ እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. በ2008 ቶምቶም ቴሌ አትላስ የተባለውን የካርታ ኩባንያ በ2.9 ቢሊዮን ዩሮ ያህል ገዛ። በዚያው ዓመት ኖኪያ ተፎካካሪውን ናቭቴክን በ8.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቀለለ። በ2015 ደግሞ ኖኪያ ሂር ተብሎ የተሰየመውን የካርታ ክፍሉን ለጀርመኖቹ የመኪና አምራቾች ለአውዲ፣ ለቢኤምደብልዩና ለዳይምለር በ2.8 ቢሊዮን ዩሮ ሸጠ።

ከሁሉ ይበልጥ ያነጋገረው ግን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 የተፈጸመው ግዢ ነው። ጉግል ዌዝ የተባለውን የእስራኤል ኩባንያ ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ገንዘብ ገዛ። ዌዝ ስልኩን ራሱን መንገድ ጠቋሚ የሚያደርግ ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ነው። ካርታውን የሚያርሙት፣ አደጋውንና መጨናነቁን የሚጠቁሙት ተጠቃሚዎቹ አሽከርካሪዎች ናቸው። ጉግል የራሱ ካርታ ነበረው፤ የጎደለው እነዚህ ሰዎች በየደቂቃው የሚልኩት ወሬ ነበር። በነሐሴ 2013፣ ሁለት ወር ያህል ብቻ ቆይቶ፣ የዌዝ ተጠቃሚዎች የሚያስተላልፉት የአደጋ መረጃ በጉግል ካርታ ላይ መታየት ጀመረ። አሽከርካሪዎቹ ለአንድ ትንሽ ኩባንያ የተናገሩት ነገር በአንድ ክረምት ውስጥ የሌላ ኩባንያ ሀብት ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ የምንረዳው በእንዲህ ያለ ሽያጭ ዋናው ሸቀጥ ፕላስቲኩና ስክሪኑ አለመሆኑን ነው። በብዙ ኩባንያዎች የግል መረጃ መመሪያ ውስጥ «ድርጅታችን ቢሸጥ የእርስዎ መረጃ ለገዢው ሊተላለፍ ይችላል» የሚል አንቀጽ ይገኛል። አብዛኞቻችን ሳናነብ «እስማማለሁ» የምንለው ለዚህም ጭምር ነው። አንዱን ወገን አምነን የሰጠነው አደራ፣ ስሙን ለማናውቀው ሦስተኛ ወገን አስቀድሞ ተፈርሞለታል።

ስም ቢፋቅ ዱካ ይቀራል

«መረጃው ስም የለበትም» የሚል መከራከሪያ ዘወትር ይቀርባል። እስቲ ይህን በቁጥር እንመርምረው።

በመጀመሪያ መጠኑን እናስላ። አንድ መሣሪያ በየደቂቃው ሦስት ቁጥሮችን፣ ኬክሮስን፣ ኬንትሮስንና ሰዓትን ይመዝግብ እንበል። በቀን 1,440፣ በዓመት 525,600 ነጥቦች ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ቁጥር 4 ባይት ብንመድብ የአንድ ሰው የዓመት ጉዞ 6.3 ሜጋ ባይት ገደማ ይይዛል፤ ይህም ከሁለት የሙዚቃ ፋይሎች ብዙም አይበልጥም። የአንድ ሚሊዮን ሰዎች ዓመት ደግሞ 6.3 ቴራ ባይት ነው፤ ዛሬ በገበያ ላይ በሚገኝ አንድ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ይገባል።

ቀጥሎ መለያየቱን እንመልከት። አምስት ሚሊዮን ሕዝብ ባለባት ከተማ፣ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት በአንድ ሰፈር መገኘቱን ማወቅ ከመቶ ሰው አንዱን ብቻ ያስቀርልናል እንበል። ከመጀመሪያው ነጥብ በኋላ 50,000 ሰዎች ይቀራሉ፤ ከሁለተኛው በኋላ 500፤ ከሦስተኛው በኋላ 5፤ ከአራተኛው በኋላ አንድ ሰው ቢቀር ነው። በእርግጥ የሰው እንቅስቃሴ እንደ ዳይ ጨዋታ ፍጹም ነጻ ስላልሆነ ስሌታችን ግምት ብቻ ነው። ሆኖም በእውነተኛ መረጃ ላይ የተደረገው ጥናት ከዚሁ ብዙም አልራቀም። እ.ኤ.አ. በ2013 ኢቭ አሌክሳንድር ደ ሞንትዦይና ባልደረቦቹ 1.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የስልክ ተጠቃሚዎችን የ15 ወራት የእንቅስቃሴ መዝገብ መርምረው ነበር። መዝገቡ ስም የለበትም፤ ቦታውም የሚታወቀው በስልክ አንቴና ርቀት፣ ሰዓቱም በሰዓት ደረጃ ብቻ ነበር። ያም ሆኖ 95 ከመቶ የሚሆኑትን ሰዎች ከሌላው ሁሉ ለመለየት አራት ነጥቦች በቁ። ጂፒኤስ ደግሞ ከአንቴናው እጅግ የጠራ ነው።

ነጥቦቹን ለማግኘትም ስለላ አያስፈልግም። ሌሊቱን የሚያድርበት ቤቱ ነው፤ ቀኑን የሚውልበት ሥራው ወይም ትምህርት ቤቱ ነው። ግዙፍ ኩባንያ ደግሞ ከዚህ በላይ አለው፤ የምንጽፈውን ደብዳቤ፣ የምንፈልገውን ጥያቄ፣ የምንመለከተውን ፊልም ያውቃል። ለካርታ ሠሪው ስም የለሽ የነበረ ዱካ በገዢው ቤት ስሙን ያገኛል። አደጋው ያለው በአንዱ መዝገብ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሁለቱ መዝገቦች መገናኘት ላይ ነው።

ሕግ ምን ይላል?

ኩባንያዎች ሲገዛዙ የሚመረምሩት ባለሥልጣናት ለረጅም ጊዜ ሲጠይቁ የኖሩት «ዋጋ ይወደዳል ወይ? ተፎካካሪ ይጠፋል ወይ?» የሚለውን ነበር። በነጻ የሚሰጥ ካርታ ግን ዋጋው ዜሮ ስለሆነ በዚህ ሚዛን ላይ ክብደት የለውም።

አመለካከቱ መለወጥ የጀመረ የሚመስለው በእጅ ላይ የሚታሰሩ የስፖርት መሣሪያዎችን የሚሠራው ፊትቢት በጉግል በተገዛ ጊዜ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ግዢውን የፈቀደው በግዴታ ነበር። የአውሮፓ ተጠቃሚዎች የጤና መረጃ፣ በመሣሪያዎቹ ጂፒኤስ የተሰበሰበውን ጨምሮ፣ ለጉግል ማስታወቂያ ሥራ እንዳይውልና ከሌላው መረጃ ተለይቶ እንዲቀመጥ ለአሥር ዓመት አሰረው። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ግዴታው የሚጸናው በአውሮፓ ላሉት ነው፤ አሥር ዓመትም ያልቃል።

በገዢው ቤት ያለው ማብሪያና ማጥፊያም ሁልጊዜ እንደሚመስለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ጉግል ከ40 የአሜሪካ ግዛቶች ጋር በ391.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቶ ክስ ዘግቷል። የክሱ ፍሬ ነገር ሰዎች «የቦታ ታሪክ» የሚለውን አጥፍተው ሳለ በሌላ ማስተካከያ በኩል ቦታቸው መመዝገቡን አልተረዱም የሚል ነበር። በአንጻሩ በ2023 መጨረሻ ይኸው ኩባንያ የጉዞ ታሪክን በተጠቃሚው ስልክ ውስጥ እንዲቀመጥ እንደሚያደርግ አስታውቋል። ይህም ቀድሞውኑ ማድረግ የሚቻል እንደነበር ያሳያል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ታውጇል። በአዲስ አበባ ታክሲ በስልክ የምንጠራ ሁሉ በየዕለቱ መነሻችንንና መድረሻችንን ለአንድ ድርጅት እንናገራለን። ድርጅቱ ነገ ቢሸጥ መዝገባችን ወዴት ይሄዳል? ይህን መጠየቅ የሕግ ተማሪ ብቻ ሳይሆን የፊዚክስና የኮምፒዩተር ተማሪም ድርሻ ነው።

ምን እናድርግ?

ስልካችንን እንወርውር አንልም። በስልካችን ላይ የትኛው ፕሮግራም ቦታችንን የማየት ፈቃድ እንዳለው እንመርምር፤ የማያስፈልገውን እንከልክለው። ካርታን አስቀድመን አውርደን ያለ ኔትዎርክ ብንጠቀምበት ጂፒኤሱ እንደ ድሮው በጆሮው ብቻ ይሠራል። አሮጌ ስልክ ስንሸጥ ውስጡን እንደምስስ።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ለነገዎቹ መሐንዲሶቻችን አደራ እንላለን። ተቀባዩ ቦታውን ለማወቅ ለማንም መንገር አያስፈልገውም፤ ፊዚክሱ ይህን ነጻነት በነጻ ሰጥቶናል። ወደ ማእከል የሚሄደውን መስመር የሚዘረጋው ሰው ነው። ምን ያህል እንደሚላክ፣ ለስንት ቀን እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚደመሰስ የሚወስነውም ሰው ነው። ከአገልግሎቱ በኋላ በዕለቱ የተደመሰሰ መዝገብ፣ ኩባንያው ለማንም ቢሸጥ አብሮ አይሸጥም። ያን አሮጌ መሣሪያ ስንገዛ የሰውየው ምስጢር ተጠብቆ የቀረው በእኛ ኀፍረት ብቻ ነበር። እናንተ የምትሠሩት መሣሪያ የገዢውን ኀፍረት የማይጠብቅ ይሁን።