ከእቃ እቃ እስከ መድረክ፦ ቲያትር ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች

ድራማ ቴራፒ ተውኔትን ከተመልካቹ ይልቅ ለተጫዋቹ ጥቅም የሚያውል ሙያ ነው። መሣሪያዎቹ ሚና መያዝ፣ ማስመሰል፣ ተራ መጠበቅና የሰውን ፊት ማንበብ ናቸው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ብዙ ጊዜ የሚቸገረውም በእነዚሁ ነው። እኩዮቹ ቆርኪውን ሲኒ፣ ጭቃውን ወጥ አድርገው እቃ እቃ ሲጫወቱ እሱ ቆርኪውን በመደዳ ሲደረድር ሊውል ይችላል።

ቲያትር ለእንዲህ ያለው ልጅ የሚመቸው ሕጉ ግልጽ ስለሆነ ነው። መንገድ ላይ የተጀመረ ሰላምታ ወዴት እንደሚያመራ አይታወቅም። በልምምድ ግን ማን መቼ እንደሚናገር አስቀድሞ ይታወቃል፤ የተሳሳተም ሳያፍር ከመጀመሪያው ይደግማል። ቁጣም ሆነ ደስታ ጎላ ብሎ ስለሚታይ ለመለየት አያስቸግርም።

እንግሊዛዊቷ ተዋናይት ኬሊ ሃንተር በሼክስፒር ተውኔቶች ላይ የመሠረተችው ዘዴ በዚህ መንገድ የሚሄድ ነው። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጡና በልብ ምት ልክ ደረታቸውን እየመቱ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ጨዋታው የሚቀጥለው ከዚያ ነው። በአሜሪካ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲዋ ብላይዝ ኮርቤት ደግሞ ኦቲዝም የሌለባቸውን እኩዮች አሠልጥና አጋር ተጫዋች አደረገች። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናቷ ከ8 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው 30 ልጆች በዕጣ ተመደቡ፤ ለቲያትሩ የተመደቡት በ10 ክፍለ ጊዜ 40 ሰዓት ተለማመዱ። እነዚህ ልጆች ፊትን በማስታወስና የሌላውን ሐሳብ በመረዳት ከቀሩት ተሽለው ተገኙ። የልጆቹ ቁጥር ትንሽ ቢሆንም ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነው።

በኢትዮጵያ የኦቲዝም ጉዳይ ወደ አደባባይ የወጣው በወላጆች ጥረት ነው። ዘሚ የኑስ ለልጇ የሚሆን ትምህርት ቤት ብታጣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋመች። እስካረፈችበት እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስም የልጆቹ ሁኔታ እርግማን ነው የሚለውን እምነት ስትሞግት ኖረች። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም እንዲሁ በወላጆች የተመሠረተ ነው። ዘሚ የኢትዮጵያን ፊደል ድምፅ ለማውጣት መለማመጃ ያደረገችበት «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» ድራማ ቴራፒ ባይሆንም፣ ልጁ ከሚያውቀው ባህል መነሣቱ ለቲያትሩም ትምህርት ነው። እንቆቅልሽ ጠያቂና መላሽ አለው፤ ተረትም አድማጩ ካልተቀበለ አይጀመርም። ተራ መጠበቅን ለማስተማር ከእነዚህ የቀረበ ጨዋታ ማግኘት ያስቸግራል።

የኦቲዝም አገልግሎት በአዲስ አበባ መከማቸቱ ግን ዛሬም ያልተፈታ ችግር ነው። በአርሲ የሎዴ ሔጦሳ ወረዳ መቀመጫ ከሆነችው ሁሩታ የተነሣ ወላጅ ልጁን ይዞ፣ አዳማን አልፎ በየሳምንቱ ዋና ከተማ ሊመላለስ አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና በኢትዮጵያም የተሞከረው የአሳዳጊዎች ሥልጠና እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ልዩ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ወላጆችን በጨዋታ ልጃቸውን የሚያሳትፉበትን መንገድ እንዲያሠለጥን ታስቦ የተሠራ ነው። ከዚያ ላይ ተረትና ሚና መጨመር ለትምህርት ቤት የድራማ ክበብ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ይህ ግን የሠለጠነ ቴራፒስትን አይተካም።

ቦታው ጸጥ ያለ፣ ሰዓቱ የማይለዋወጥ፣ ቋንቋውም ኦሮምኛ ይሁን አማርኛ ልጁ በቤቱ የሚሰማው መሆን አለበት። ጭብጨባ የሚያስደነግጠው ካለ በጭብጨባ ፈንታ እጅ ማውለብለብ ይበቃል። ዓላማው ልጁን እንደ ሌላው አስመስሎ ማሳየት ከሆነ ራሱን መደበቅ ያስተምረዋል፤ ይህም አድካሚና ጎጂ ነው። ስለዚህ መጫወት ያልፈለገ ልጅ በር ላይ ቆሞ እንዲያይ ይፈቀድለታል፤ ተራውም ይጠበቅለታል።