«አሉ» የጠፋበት ወሬ

አማርኛ አንዲት አጭር፣ ሥራዋ ግን ብዙ የሆነች ቃል አለችው፤ «አሉ»። «እገሌ ታሰረ» እና «እገሌ ታሰረ አሉ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን የተናገረ ሰው ለነገሩ ራሱ ቆሟል። ሁለተኛውን የተናገረ ግን «እኔ አላየሁም፣ ከሰው ሰምቼ ነው፣ አጣራው» እያለ ነው። ሽማግሌ ፊት የሚመሰክር ሰውም አስቀድሞ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው፦ «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ሰምቻለሁ ካለ «ከማን?» ይባላል። የነገረውም ሰው ከሌላ የሰማ ከሆነ ምስክሩ «የሰሚ ሰሚ» ይባልና ቃሉ ክብደት ያጣል።

ስልካችን ላይ ያለችው የሼር ምልክት ይህችን «አሉ» ትበላታለች። ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ነው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ እሑድ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። ቶናው ሲቀዳ ስልኳን አቀበለችኝ። አንድ አውቶቡስ በጎኑ ተጋድሞ ይነዳል፤ ከሥሩ አንድ የምናውቀው መንገድ ስም ተጽፎ «ዛሬ ጠዋት» ይላል።

«አየኸው? ዛሬ ጠዋት ነው አሉ» አለችኝ።

ልብ በሉ፤ አክስቴ በአፏ «አሉ» ብላለች። ስልኩ ላይ ግን «አሉ» የለም። «ዛሬ ጠዋት» ነው የሚለው፤ ቁርጥ አድርጎ።

ፎቶውን አሰፋሁት። የሾፌሩ መሪ በቀኝ በኩል ነው። የእኛ አገር መኪና መንገዱን ቀኝ ይዞ ስለሚሄድ መሪው በግራ፣ የአውቶቡሱ መሳፈሪያ በርም በቀኝ ነው። እዚህ ሁለቱም ተገላቢጦሽ ናቸው። ምናልባት ፎቶው እንደ መስተዋት ተገልብጦ ይሆናል ብዬ ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አየሁ፤ የላቲን ፊደሉ ቀጥ ብሎ ይነበባል፣ አልተገለበጠም። እንግዲህ መኪናው ግራ ይዞ ከሚነዳበት አገር ነው ማለት ነው፤ ኬንያ፣ ዑጋንዳ፣ ታንዛኒያ ወይም ከዚያ የራቀ። ቀጥሎ በጎግል ሌንስ ፈለግሁት። ያው ፎቶ ከዓመታት በፊት የሌላ አገር ዜና ሆኖ ወጥቷል። ይህ ሁሉ ቶናው ሳይቀዘቅዝ አለቀ።

«እቴቴ፣ ይሄ የእኛ አገር አይደለም» ስላት ፊቷ ተለወጠ። «ውይ! ለሦስት ግሩፕ ልኬዋለሁ እኮ!»

ፎቶው እሷ ጋ የደረሰው በፌስቡክ ነው፤ እንዴት? ብዙ ሰው ፌስቡክን ሲከፍት የሚያየው ነገር በሰዓቱ ቅደም ተከተል የተሰለፈ ይመስለዋል። አይደለም። ወዳጆቻችንና የምንከተላቸው ገጾች ከለጠፉት ሁሉ ውስጥ የትኛው ከላይ እንደሚወጣ የሚወስን የኮምፒዩተር ቀመር አለ፤ አልጎሪዝም የሚሉት ነው። ቀመሩ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ የሚሰላው ጽሑፉ እውነት በመሆኑ አይደለም፤ እውነትን የሚለካበት ዓይን የለውም። የሚለካው «ይህ ሰው ይህን ቢያይ ይነካዋል? ኮሜንት ይጽፍበታል? ያስተላልፈዋል?» የሚለውን ነው።

ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2016 ከላይክ ጎን የፍቅር፣ የሳቅ፣ የመደነቅ፣ የሐዘንና የቁጣ ምልክቶችን ጨመረ። ከ2017 ጀምሮ ቀመሩ እያንዳንዱን የስሜት ምልክት እንደ አምስት ላይክ ይቆጥር ነበር። በሬ ወለደ የሚል ጽሑፍ አይተው «እንዴት ይዋሻል!» ብለው ቀይዋን የቁጣ ፊት የሚጫኑ ሰው፣ ለዚያው ውሸት አምስት ላይክ አዋጡለት ማለት ነው። በጃንዋሪ 2018 ደግሞ የኩባንያው መሪ ማርክ ዘከርበርግ ከእንግዲህ ቅድሚያ የሚሰጠው ሰዎችን ለሚያነጋግር ነገር እንደሆነ አስታወቀ። ሐሳቡ ደግ ይመስላል። ችግሩ ሰውን እንደ ጠብ የሚያነጋግረው ነገር አለመኖሩ ነው። የኩባንያው የራሱ ባለሙያዎች በ2019 የቁጣ ምልክት የሚበዛባቸው ጽሑፎች ሐሰትና መርዝ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አረጋገጡ። በሴፕቴምበር 2020 የቁጣ ምልክት ነጥብ ዜሮ ተደረገ። ሰዎች ፌስቡክን መጠቀማቸው አልቀነሰም፤ የሚደርሳቸው የተሳሳተ መረጃ ግን ቀነሰ። ለዚህች ለውጥ ሦስት ዓመት ያህል መፍጀቱ ለእኔ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ማሽኑን ብቻ እንዳንወቅስ የሚያደርግ ጥናት ግን አለ። የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ከ2006 እስከ 2017 በትዊተር ላይ የተሠራጩ 126 ሺህ ገደማ የወሬ ሰንሰለቶችን፣ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ያስተላለፏቸውን፣ መርምረው በ2018 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ አወጡ። ሐሰተኛውን ወሬ ሌላ ሰው የማስተላለፉ ዕድል ከእውነተኛው በ70 በመቶ ይበልጣል። እውነቱ 1,500 ሰዎች ዘንድ ለመድረስ ከሐሰቱ ስድስት እጥፍ ያህል ጊዜ ይፈጅበታል። ልዩነቱን ያመጡት አውቶማቲክ አካውንቶች ናቸው ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር፤ እነሱ ተነጥለው ሲታይም ውጤቱ ያው ሆነ። የሚያሯሩጠው ሰው ነው። ሐሰት አዲስ ነገር ስለሚመስል፣ አዲስ ነገር ቀድሞ መንገር ደግሞ ስለሚጥመን።

አውቶቡሱን እንተወውና ወደ ከበደው እንምጣ። በጁላይ 2021፣ የትግራዩ ጦርነት ወደ አማራ ክልል በዘለቀበት ወር፣ አንድ ሰው ፌስቡክ ላይ በአማርኛ ጻፈ። የሕወሓት ታጣቂዎች ራያ ቆቦ ውስጥ ሴቶችንና ሕፃናትን ገድለዋል፣ ደፍረዋል፣ ዘርፈዋልም አለ። የአካባቢው የትግራይ ተወላጅ ሲቪሎችም አግዘዋቸዋል ብሎ ጨመረበት። ከነዋሪዎች እንደሰማም ጠቅሷል። የፌስቡክ እናት ኩባንያ የሜታ የአማርኛ ጽሑፍ መቃኛ ሥርዓት ይዞት እስኪነሳ አንድ ቀን ያህል ቆየ፤ በዚያች ቀን 5,000 ጊዜ ገደማ ታየ።

ከዚያ የሆነው አስገራሚ ነው። ጸሐፊው ይግባኝ አለ፤ ሁለተኛ ገምጋሚ አይቶ «መነሳቱ ትክክል ነው» አለ። ጉዳዩ ኦቨርሳይት ቦርድ ዘንድ ደረሰ። ቦርዱን ያቋቋመው ራሱ ሜታ ነው፤ በቀረበለት ጽሑፍ ላይ የሚወስነውን ግን ኩባንያው መፈጸም አለበት። ቦርዱ ጉዳዩን ሲመርጠው ሜታ ሐሳቡን ቀይሮ «ማንሳታችን ስሕተት ነበር» ብሎ ጽሑፉን መለሰው። ቦርዱ በዲሴምበር ውሳኔ ሲሰጥ ደግሞ ያልተረጋገጠ ወሬ በጦርነት መካከል ሕይወት ሊያስቀጥፍ ይችላልና ይነሳ አለ። አንድ ኩባንያ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ደጋግሞ አንብቦ ሁለት ዓይነት ፍርድ ሰጠ ማለት ነው።

ቦርዱን መደገፍ ቀላል ነው፤ ግን ትንሽ እንቆይበት። አገሩ ጦር የገባበት ሰው ከወሬ ሌላ ምን አለው? ትግራይም ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ስልኩና ኢንተርኔቱ ተቋርጦበት ነበር፤ ከዚያ የሚወጣውም ብዙው ከአፍ ወደ አፍ ነበር። ደግሞም ያልተረጋገጠ ሁሉ ሐሰት አይደለም፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2022 መጀመሪያ ባወጣው ሪፖርት የትግራይ ታጣቂዎች ከጽሑፉ በኋላ በነበሩት ሳምንታት በአማራ ክልል ቆቦና ጭና ላይ ግድያ መፈጸማቸውን መዝግቧል። እንግዲህ «አሉ» ያለውን ሁሉ ዝም ብናሰኝ የእውነተኛውንም ተበዳይ አፍ እንዘጋለን።

በእኔ ግምት የዚያ ጽሑፍ አደጋ ታጣቂዎችን መክሰሱ ላይ አልነበረም። ጎረቤትን መክሰሱ ላይ ነው። ታጣቂ መሣሪያ አለው፤ ፌስቡክ ላይ ስለተጻፈበት ምንም አይሆንም። «የአካባቢው እነ እገሌ አግዘዋል» የተባለ ሱቅ ጠባቂ ግን ነገ ጠዋትም ሱቁን እዚያው መንደር ይከፍታል። እዚህ ላይ «ሰምቼ ነው» ማለት ብቻ አያድንም።

ሕጋችንስ? የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 (ይህ 2012 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ለተሠራጨ ሐሰተኛ መረጃ እስከ ሦስት ዓመት እሥራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ደንግጓል። ኩባንያዎቹም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ለማንሳት እንዲጥሩ ይጠይቃል። የሚገርመው ላይክ ማድረግንና ታግ ማድረግን አዋጁ እንደ ማሠራጨት አይቆጥራቸውም። ሰውን በላይክ አለማሰሩ ደግ ነው። ማሽኑ ግን ላይክን ነጥብ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ሕጉ አላሠራጨህም የሚለውን ሰው ቀመሩ አሠራጭተሃል ይለዋል።

የኩባንያዎቹ ድርሻ ደግሞ ከእኛ ጣት ጋር አይተካከልም። የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛዋ ፍራንሲስ ሆገን በኦክቶበር 2021 የአሜሪካ ሴኔት ፊት ስትመሰክር፣ ይህ የነጥብ አሰጣጥ የብሔር ግጭት እያቀጣጠለባቸው ካለቻቸው አገሮች አንዷን ኢትዮጵያን በስም ጠርታለች። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የተጻፈውን ክፉ ነገር ሁሉ እያነበቡ እንዲያጣሩ ከተመደቡት ወጣቶች ብዙዎቹ ናይሮቢ ውስጥ በኮንትራት የሚሠሩ ነበሩ፤ ከእነሱም ውስጥ ሥራው አእምሯችንን ጎዳው ብለው ክስ የመሠረቱ አሉ። በዲሴምበር 2022 ደግሞ አንድ ኢትዮጵያዊ፣ አባቱን የሚያጠቃና የሚኖርበትን የሚጠቁም ጽሑፍ ፌስቡክ ላይ ከወጣ በኋላ አባቱ ተገደለብኝ ብሎ ሜታን እዚያው ናይሮቢ ከሰሰ። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት እኔን የመዳኘት ሥልጣን የለውም ብሎ ተከራከረ። በኤፕሪል 2025 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሥልጣን አለኝ አለ።

ወሬን ማዘግየት እንደሚቻልም ታይቷል። ዋትስአፕ በኤፕሪል 2020 ብዙ እጅ ያለፈን መልእክት በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ግሩፕ ብቻ እንዲተላለፍ ሲገድብ፣ የዚያ ዓይነት መልእክት ዝውውር በ70 በመቶ መቀነሱን አስታውቋል። ትዊተርም ያላነበቡትን ጽሑፍ ለማስተላለፍ ለሚሞክሩ ሰዎች «መጀመሪያ አያነቡትም?» የምትል ጥያቄ ሲያወጣ፣ ጥያቄውን ካዩት በኋላ ጽሑፉን የሚከፍቱት በ40 በመቶ ጨመሩ። ማንም ሳንሱር አልተደረገም። አንድ ጊዜ ቆም በሉ ብቻ ነው የተባሉት።

አክስቴ ያን ዕለት በረካው ሳይቀዳ ስልኳን ተቀበለችኝና ለሦስቱም ግሩፖች አንድ በአንድ ጻፈች፦ «ጠዋት የላክሁት ፎቶ የሌላ አገር ነው፣ ድሮ የሆነ ነው አሉ፣ ይቅርታ።» ፎቶውን ሰማንያ ሰው አይቶት፣ ብዙው ማርያምን ጠርቶ፣ አንዳንዱም ወደ ሌላ አስተላልፎት ነበር። ለይቅርታዋ መልስ የሰጠው አንድ ሰው ነው፤ አውራ ጣት።