«እማዬ፣ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ» የሚለው ፍቅር ጉልበት ይጨርሳል

የጡንቻ ስፖርት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ጂም የሚሠራ ጎረምሳ ነው። ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ እናትና አባቶቻችን ጡንቻ ነው።

አንኮበር አካባቢ የኖረች እናት በሕይወቷ ጂም ገብታ አታውቅም። ግን ውሃ ተሸክማ ዳገት ትወጣለች፣ እንጨት ትሸከማለች፣ ሊጥ ታቦካለች፣ ከበርጩማ በቀን ስንት ጊዜ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች። አሠልጣኝ ቢያያት «ይሄማ ሙሉ ፕሮግራም ነው» ይላል። ከዚያ ልጆቿ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ያመጧታል። «እማዬ፣ በቃ ደክመሻል፣ አርፈሽ ተቀመጪ!» ሶፋ፣ ጋቢ፣ ቴሌቪዥን። ወራት ሳይቆይ ሽንት ቤት ለመሄድ ግድግዳ መደገፍ ትጀምራለች። ቤተሰቡም «ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» ይላል።

እርጅና ብቻ አይደለም። ሥራ ያጣ ጡንቻ ነው።

ጡንቻ እንዴት ይጠፋል?

ከ30 ዓመት በኋላ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ የሚሆን ጡንቻ እናጣለን፤ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። መቀመጥና መተኛት ሲጨመርበት ይብሳል። ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ በተደረገበት አንድ ጥናት፣ ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ስብ ያልሆነ ሥጋ ቀንሰዋል። በ10 ቀን!

ይሄ የመልክ ጉዳይ አይደለም። ደካማ እግር ማለት መውደቅ ነው፤ መውደቅ ደግሞ በዚህ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ስብራት ሊያመጣ ይችላል። በተጨማሪም ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የሚገባውን ስኳር በብዛት የሚወስደው ጡንቻ ስለሆነ፣ የስኳር ሕመም ላለባቸው ጡንቻ እንደ መድኃኒት ነው።

ታዲያ ይመለሳል ወይ?

አዎ! እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ፣ ቦስተን ውስጥ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆነ የአረጋውያን መኖሪያ ነዋሪዎች ለ8 ሳምንት ክብደት እንዲያነሱ ተደረገ። የእግራቸው ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። ሁለቱ ምርኩዛቸውን ተዉ።

መጀመሪያ እንለካ

ግድግዳ ያስጠጋችሁትን ወንበር አዘጋጁ። እናታችሁ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ተነስተው እንደሚቀመጡ ቁጠሩ። እናንተ ከጎን ቁሙ። ከ60 እስከ 64 ዓመት ለሆነ ወንድ ከ14 በታች፣ ለሴት ከ12 በታች፤ ከ70 እስከ 74 ለሆነ ወንድ ከ12 በታች፣ ለሴት ከ10 በታች ከሆነ የመውደቅ ስጋት አለ ማለት ነው።

ምን እንሥራ?

👉 ከወንበር መነሳትና መቀመጥ
👉 ቆሞ ግድግዳ በሁለት እጅ እየገፉ መመለስ (የግድግዳ ፑሽ አፕ)
👉 ጠረጴዛ ይዞ በጣት መቆምና መውረድ
👉 ውሃ የተሞላ ሃይላንድ በሁለት እጅ ይዞ ማንሳት

እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሁለት ዙር። የዓለም ጤና ድርጅት ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን፣ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ደግሞ ሚዛን መጠበቅን የሚያለማምድ እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀን ይመክራል። በሁለቱ የጡንቻ ቀናት መካከል ዕረፍት ይኑር፤ ጡንቻ የሚጠገነው ሲያርፍ ነው።

የአሠልጣኞች ሕግ አንድ ነው፦ ቀስ በቀስ መጨመር። የመጨረሻዎቹ ሁለት ድግግሞሾች ከበድ ማለት አለባቸው። ሲቀሉ ግማሽ ሊትሩን ሃይላንድ በአንድ ሊትር ቀይሩት። ትንፋሽ ይዞ ማንሳት ግን ክልክል ነው፤ ግፊት ይጨምራል።

ደብረ ብርሃን ላይ ያላችሁ፣ የጠዋቱን ብርድ ታውቁታላችሁ። ከብርድ ልብስ ወጥቶ ወዲያው ክብደት ማንሳት አያስፈልግም፤ መጀመሪያ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሰውነት ይሙቅ። ከተማዋ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች፣ ከቆላ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ቢያለከልክ አይገርምም፤ ቀስ ይበል።

ምግብም አይረሳ። ጡንቻ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ በጾም ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ በፍስክ እንቁላልና ወተት።

«እኔ እኮ ጉልበቴን ያመኛል፣ አልችልም» ለሚሉ

አበበ ቢቂላን አስታውሱ። የተወለደው ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው ጃቶ ነው። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶን ሲያሸንፍ፣ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ገና ሳምንታት ነበር የተቆጠሩት፤ ግን ሩጫውን ጨርሶ ሜዳው ላይ ጂምናስቲክ ሲሠራ ዓለም አየው። በ1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ እግሮቹን ከለከለው። በዓመቱ እንግሊዝ ውስጥ በዊልቸር ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። እግር እምቢ ሲል ክንድ ይሠለጥናል። ጉልበት የሚያመውም ሰው ተቀምጦ፣ በሚችለው ልክ መጀመር ይችላል።

⚠️ የደረት ሕመም፣ ቶሎ ትንፋሽ ማጠር፣ ራስ መሳት፣ ያልተስተካከለ ደም ግፊት ወይም የቅርብ ጊዜ ኦፕራሲዮን ካለ ግን መጀመሪያ ሐኪም ጋ ይሂዱ። እየሠሩ ደረት ከያዘ ወዲያው ያቁሙ።

ዛሬ ማታ ወላጆቻችሁን በወንበር ለኩና ስንት እንዳመጡ በኮሜንት ንገሩኝ። ራሳችሁንም ለኩ፤ አንዳንዱ ወጣት በእማዬ እንዳይበለጥ! ለወንድም ለእህታችሁም ሼር አድርጉት።