«ስንተኛ ወጣህ?» እና የልጆች የሆድ ህመም

እዚህ ላሊበላ ፈተና ሲቃረብ «ሆዴን»፣ «ራሴን» እያሉ የሚመጡ ተማሪዎች ይበዙብኛል። ሰገራ ይታያል፣ ደም ይታያል፤ ምንም የለም። «ቅዳሜና እሁድስ ያምሃል?» ስል ብዙዎቹ ደህና ናቸው። ወላጅ ይሄን ሲሰማ «አውቆ ነው!» ይላል። አውቆ አይደለም። ጭንቀት ሲበረታ ሰውነት የሚያመነጨው ሆርሞን የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዛባል፤ ህመሙ የእውነት ነው።

ከላስታ ገጠር መጥተው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩትን አስቡ። እናት ከአፏ ቀንሳ ስንቅ ትልካለች። እንጀራው፣ በሶው፣ ቆሎው ሲደርስ «ተስፋዬ አንተ ነህ» የሚል መልእክት አብሮ ይደርሳል። ፍቅር ነው፣ ማን ክፉ ይለዋል? ልጁ ግን ካርዱ ላይ 19ኛ ካየ በኋላ የበላው እንጀራ ሁሉ ዕዳ ይመስለዋል።

ታዲያ ጥብቅ ወላጅ መሆን ጥፋት ነው? አይደለም። ይሄ ክርክር የኛ ብቻም አይደለም። የቻይና ዝርያ ያላት አሜሪካዊት ኤሚ ቹዋ ልጆቿን እንዴት ቆንጥጣ እንዳሳደገች በመጽሐፍ ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ «የነብር እናት» የሚለው ስም ከዚያ መጣ። በ2013 የወጣ ጥናት ደግሞ አሜሪካ የሚኖሩ 444 የቻይና ዝርያ ያላቸው ቤተሰቦችን ለ8 ዓመት ተከታትሎ ነበር። በነብር ወላጅ ያደጉት ልጆች፣ ደጋፊ ወላጅ ካላቸው ይልቅ ድብርታቸው የባሰ፣ የትምህርት ውጤታቸውም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፣ የነብር ወላጅ ፍቅር አይጎድለውም። ፍቅሩ ላይ ጩኸትና ማሸማቀቅ ይጨምርበታል እንጂ። ፍቅሩ ደግሞ ማሸማቀቁን አላጠፋውም።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሁሉ ሰነፎች ናቸው? የኛ ልጆች ደግሞ ጦርነት መሀል ትምህርት የተቋረጠባቸው ናቸው።

ስለዚህ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት «የቱ ትምህርት ከበደህ?» በሉት። እንግዳ ፊት ውጤቱን አታውሩ። የአጎቱን ልጅ ስም አትጥሩበት (ይቺን እንኳ ብትተዉ ትልቅ ነገር ነው)። ሌሊቱን ሙሉ አጥና አትበሉት፤ በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፣ ያጠናውም የሚረጋለት ሲተኛ ነው። አለንጋውንም ስቀሉት። የተመታ ልጅ የሚማረው ካርድ መደበቅ ነው።

ህመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ከሆነ፣ ከከሳ፣ ካተኮሰው ወይም ሰገራው ላይ ደም ካያችሁ ግን «ጭንቀት ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ይመርመር። «ባልኖር ይሻል ነበር» ዓይነት ነገር ከተናገረ ደግሞ ነገ አትበሉ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ብቻውን አትተዉት፣ ቤት ውስጥ ያለውን የተባይ መርዝም አውጡ።