ዓይን መንገድ ላይ፣ ልብ ስልክ ላይ

በማሽከርከር ላይ የዕይታ ትኩረት የሚባለው፣ ዓይን ከሚያቀርበው ብዙ ነገር መካከል አእምሮ ለዚያች ቅጽበት የሚያስፈልገውን ለይቶ የሚያወጣበት ሥራ ነው። ዓይንና ትኩረት አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይሄዳሉ እንጂ አንድ አይደሉም። በሾፌሮች ዘንድ «ስልኩ እጅ ላይ እስካልተያዘ ድረስ ጣጣ የለውም» የሚለው ወሬ ሥር የሰደደው ሁለቱ እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ በመንጌና በአሶሳ መካከል የሚመላለስ ሞተረኛ ስልኩን በሄልሜቱና በጉንጩ መሀል ሸጉጦ ያወራል፤ የኢሱዙ ሾፌር ደግሞ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ያወራል። ሁለተኛው ራሱን ከመጀመሪያው የበለጠ ጠንቃቃ አድርጎ ይቆጥራል። እጁን በተመለከተ ልክ ነው። ችግሩ ግን ቀድሞም ቢሆን የእጅ ብቻ አልነበረም፤ ይህም ከሃያ ዓመት በላይ ሲመረመር የቆየ ጉዳይ ስለሆነ ወሬው እስከ ዛሬ መሰንበት አልነበረበትም።

የዓይን ነገር አጭር ነው። ጥርት አድርጎ የሚያየው የሬቲና ክፍል ከዕይታ መስኩ 2 ዲግሪ ያህሉን ብቻ ይሸፍናል፤ ክንድ ተዘርግቶ የአውራ ጣት ጥፍር የሚጋርደውን ያህል ማለት ነው። ዓይን ይህን ጠባብ ክልል በሰከንድ 3 ጊዜ ያህል ከቦታ ወደ ቦታ እያዘለለ መንገዱን ያዳርሳል። በዙሪያው ያለው ሁሉ ደብዛዛ ነው፤ አንድ ነገር መንቀሳቀሱን ይጠቁማል እንጂ ምን እንደሆነ በዝርዝር አይናገርም። ይህ በየትኛውም የባዮሎጂ መጽሐፍ ስለሚገኝ ማብራራት አያሻውም። ብዙ ሰው የሚስተው ዓይን አንድ ነገር ላይ ካረፈ በኋላ የሚሆነውን ነው።

አሪየን ማክና ኧርቪን ሮክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ሰው ትኩረቱ በሌላ ሥራ ከተያዘ በቀጥታ ፊቱ የቀረበለትን ምስል እንኳ ጭራሽ ላያየው ይችላል። (ክስተቱ በአማርኛ የተረጋጋ መጠሪያ ስለሌለው እዚህ «አይቶ አለማየት» ተብሏል።) ከአንድ ዓመት በኋላ ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ ያደረጉት ሙከራ ዓለምን አዳርሷል፤ የኳስ ቅብብል እንዲቆጥሩ ከታዘዙት ተመልካቾች ግማሽ ያህሉ በተጫዋቾቹ መሀል ደረቱን እየደቃ ያለፈውን የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው አላዩም። ቪዲዮው ዝናው ስለበዛ ብዙዎች እንደ ቀልድ ይዘውታል። መንገድን ለሚመለከት ክርክር ግን ከጎሪላው ይልቅ በዩታ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሥራ ይበልጣል።

ዴቪድ ስትሬየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት ተሳታፊዎችን መኪና መንዳትን በሚያስመስል መሣሪያ ላይ አስቀመጧቸው። በመንገዱ ዳርና ዳር ትልልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ተተክለዋል። ተሳታፊዎቹ አንዳንዴ ዝም ብለው ይነዳሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ እጅ በማይነካው ስልክ እያወሩ ይነዳሉ። ስለ ሰሌዳዎቹ እንደሚጠየቁ የነገራቸው የለም። ጉዞው ሲያበቃ ያለፏቸውና ያላለፏቸው ሰሌዳዎች ተቀላቅለው ቀረቡላቸውና የትኛውን እንዳዩ ተጠየቁ። እያወሩ የነዱት ብዙውን አላወቁትም። ይህ ብቻውን አያስገርምም፤ ወሬ ላይ የነበረ ሰው ዞር ብሎ ሰሌዳ አላየም ይባል ይሆናል። ሆኖም ተመራማሪዎቹ የዓይንን እንቅስቃሴ የሚመዘግብ መሣሪያ አብረው ገጥመው ነበር፤ መዝገቡም የስልክ አውሪዎቹ ዓይን ሰሌዳዎቹ ላይ በትክክል ማረፉን አሳየ። ዓይናቸው እንዳረፈበት ከተረጋገጠው መካከል እንኳ በኋላ መለየት የቻሉት፣ ስልክ በሌለበት ከለዩት ጋር ሲተያይ በግማሽ ገደማ ያነሰ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያዎች ይነሳሉ፤ ሁለቱም ተገቢ ናቸው። አንደኛው፣ ሾፌር የማይረባውን ማስታወቂያ ትቶ አደጋ የሚያመጣውን መርጦ ያይ ይሆናል የሚል ነው። ስትሬየርና ፍራንክ ድሩስ ይህን ለመፈተን ከእግረኛ እስከ ምልክት ድረስ ለደህንነት ያላቸው ክብደት የተለያየ ነገሮችን መንገዱ ላይ ደረደሩ። ክብደት ያለው ነገር የተለየ ዕድል አላገኘም፤ ወሬው ሁሉንም እኩል ነው የደመሰሰው። ሁለተኛው መቃወሚያ ይበልጥ ይከብዳል፦ ምናልባት በደንብ አይተው ረስተውት ቢሆንስ? ለዚህ መልስ የሚሰጠው የራስ ቅል ላይ የሚለጠፍ የአንጎል ኤሌክትሪክ መመዝገቢያ ነው። የፊተኛው መኪና የፍሬን መብራት ሲበራ፣ ከ1 ሰከንድ ሲሶ ገደማ በኋላ በአንጎል ውስጥ አንድ የታወቀ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይነሳል፤ የሞገዱ ከፍታ አእምሮ ለዚያ ነገር የሰጠውን ትኩረት ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ጥናታቸው፣ በስልክ በሚያወሩት ላይ ይህ ሞገድ በግማሽ ወርዶ ተገኝቷል። መብራቱ ሲበራ ገና ከመጀመሪያው በወጉ አልተመዘገበም፤ የመርሳት ጉዳይ አይደለም።

በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የማርሴል ጀስት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ አንጎል ውስጥ ጠልቆ ተመለከተ። 29 ሰዎች በኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ ተኝተው ጠመዝማዛ መንገድ በምስል ነዱ፤ በመሀል የሚሰሙት ዓረፍተ ነገር እውነት ነው ሐሰት ብለው ይወስናሉ። ተናጋሪ አይደሉም፣ አድማጭ ናቸው። ያም ሆኖ ቦታንና አቅጣጫን የሚያሰላው የአንጎል ክፍል ከመንዳት ጋር የተያያዘው እንቅስቃሴ 37 በመቶ ቀነሰ። ይህን ቁጥር ይዞ «እንግዲያው ሬዲዮም ይከልከል» ማለት ስህተት ነው፤ ስትሬየርና ዊሊያም ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ2001 ሬዲዮ ማዳመጥ ብቻውን መንዳትን እንደማያውክ አግኝተዋል። ሾፌሩን የሚይዘው መልስ ማሰናዳት የሚጠይቅ ንግግር ነው። ውሳኔ የሚሰጠው የአእምሮ ክፍል መንደር ውስጥ እንዳለ ብቸኛ ወፍጮ ነው፤ የአንዱ ማሽላ እስኪፈጭ የሌላው ጆንያ ተራ ይጠብቃል። ጆናታን ሌቪ፣ ሃሮልድ ፓሽለርና ኧርዊን ቦየር እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት ይህ ወረፋ ፍሬን ለመርገጥም አይቀርም፤ ተራ የሆነች አንዲት ጥያቄ ከፍሬኑ መብራት ቀድማ ከመጣች የእግሩ ምላሽ ይዘገያል። በብዙ ጥናቶች ድምር የስልክ ንግግር ምላሽን በሩብ ሰከንድ ያህል ያዘገያል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ይህ 4 ሜትር ነው፤ አንድ ሕፃን ከመንገድ ዳር ሮጦ መሀል ለመግባት ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል።

ወሬው ዓይንን ባያደነዝዝም እንኳ ያጠብበዋል። ስፔናውያኑ ሬካርቴና ኑኔስ በእውነተኛ መንገድ ላይ ሾፌሮችን በሐሳብ ሥራ ሲያስጠምዱ፣ ዓይናቸው ወደ ፊት መሀል ብቻ እየተሰበሰበ ስፖኪዮና የፍጥነት መለኪያውን ማየት ቀነሱ። በመንጌ አካባቢ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። በጠጠር መንገዶቹ ላይ አደጋ ከፊት ለፊት ብቻ አይመጣም፤ በክረምት ሣሩ ከሰው ቁመት ሲበልጥ ፍየሉ ከጎን ነው የሚወጣው፤ ወርቅ ከሚታጠብበት ወንዝ የሚመለሱ እግረኞችም ዳሩን ይዘው ነው የሚሄዱት።

ዓይን ጭራሽ ከመንገድ ሲነሳ ያለው ጉዳይ ግልጽ ስለሆነ ብዙ አያከራክርም። ጆን ሴንደርስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በቦስተን አካባቢ አውራ ጎዳና ላይ፣ በየጊዜው ዓይኑን የሚጋርድ መከለያ ያለው ሄልሜት አድርጎ መኪና ነድቷል፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2011 «መጀመሪያ የሚያስቁ ቀጥሎ የሚያሳስቡ» ጥናቶች የሚሸለሙበትን የኢግ ኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ያረጋገጠው፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ወይም መንገዱ ሲጠማዘዝ ሾፌር ቶሎ ቶሎ ማየት እንዳለበት ነው። የቨርጂኒያ ቴክ ተመራማሪዎች 100 መኪናዎች ላይ ካሜራ ገጥመው እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳወጡት፣ ዓይን ከመንገድ ከ2 ሰከንድ በላይ ሲነሳ የአደጋና ለጥቂት የታለፈ አደጋ ዕድል በእጥፍ ይጨምራል። እዚያው የተሠራ ሌላ ጥናት መልእክት የሚጽፉ የጭነት መኪና ሾፌሮች ከ6 ሰከንድ ውስጥ 4.6ቱን ስልካቸው ላይ እንደሚያፈጡ መዝግቧል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር 4.6 ሰከንድ ማለት 77 ሜትር ያህል በጭፍን መሄድ ነው።

«ታዲያ ከረዳቱ ጋርስ ሲያወራ አይውልም ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ድሩስ፣ ሞኒሻ ፓሱፓቲና ስትሬየር እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለቱን አነጻጽረዋል። ተሳታፊዎቹ ከአውራ ጎዳናው በተወሰነ መውጫ ወጥተው እንዲያርፉ ተነገራቸው። ከጎናቸው ከተቀመጠ ሰው ጋር ያወሩት አብዛኞቹ ወጡ፤ በስልክ ያወሩት ግማሽ ያህሉ መውጫውን አለፉት። ልዩነቱ ከጎን ያለው ሰው መንገዱን አብሮ ማየቱ ነው፤ ሁኔታው ሲከብድ ዝም ይላል፣ ስለ መኪናዎቹ ያወራል፣ መውጫውን ያስታውሳል። ረዳት «ኧረ ፍየል!» ብሎ ወሬውን በመሀል ይቆርጣል። በስልክ ያለው ሰው ግን ዕዳው ስላልተከፈለው ሰሊጥ ማውራቱን ይቀጥላል።

ሌላው እንቅፋት የአደጋ ብርቅ መሆን ነው። ጄረሚ ዎልፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 በሻንጣ ፍተሻ መሰል ሙከራ እንዳገኙት፣ ተፈላጊው ዕቃ ከሁለት አንድ ጊዜ ሲገኝ ፈታሾች 7 በመቶውን ብቻ ሲስቱ፣ ከመቶ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን ወደ 30 በመቶ ሳቱ። ሙከራው መኪና ውስጥ ስላልተደረገ ቁጥሩን እንዳለ ወደ መንገድ ማዛወር አይቻልም። ነገር ግን ጭር ባለ የገጠር መንገድ ላይ ስልክ የሚያነሳ ሾፌር «መንገዱ ባዶ ነው» ሲል፣ አእምሮው መፈለግ ያቆመበትን ሁኔታ እየገለጸ ሊሆን ይችላል።

እስካሁን የተባለው በአመዛኙ ከቤተ ሙከራ ነው፤ ክርክሩ የሚጀምረው አደጋ ሲቆጠር ነው። ዶናልድ ሬደልማየርና ሮበርት ቲብሺራኒ እ.ኤ.አ. በ1997 በቶሮንቶ የ699 ሾፌሮችን የስልክ መዝገብ አይተው፣ በንግግር ወቅት የአደጋ ዕድል ወደ 4 እጥፍ እንደሚጠጋና እጅ የማይነካው ስልክ የተለየ ጥቅም እንዳላሳየ ጻፉ። ሪቻርድ ያንግ በበኩሉ፣ ለማነጻጸሪያ በተወሰደው የቀደመ ቀን ሾፌሮቹ ያን ጊዜ በሙሉ እየነዱ ስላልነበሩ ቁጥሩ ተጋኗል ብሎ ሞግቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ቶማስ ዲንገስና ባልደረቦቹ በካሜራ የተቀረጹ 905 አደጋዎችን መርምረው፣ በእጅ የተያዘ ስልክ መጠቀም በጥቅሉ 3.6 እጥፍ፣ ቁጥር መምታት ደግሞ 12.2 እጥፍ አደጋን እንደሚጨምር አስልተዋል። በጭነት መኪናዎች ላይ የተደረጉ የካሜራ ጥናቶች ግን እጅ በማይነካ ስልክ ማውራት አደጋ ሲጨምር አላዩም፤ ብቻውን ረጅም መንገድ የሚነዳን ሰው ከእንቅልፍ ይጠብቀው ይሆናል፣ ወይም ሾፌሩ ሲያወራ ፍጥነት ይቀንስ ይሆናል። ስለዚህ «እጅ የማይነካው ስልክ ያው ነው» የሚለውም ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው። ትክክለኛው፣ ቁልፍ መነካካትና ማንበብ ከሁሉ የከፋ መሆኑና የቀረው የንግግር ጉዳት ደግሞ እንደ መንገዱ መለያየቱ ነው። አደጋ የቆጠሩት ጥናቶች የተሠሩት በአመዛኙ እግረኛና ከብት በማይበዛባቸው የሰሜን አሜሪካ መንገዶች ላይ ነው፤ በአዲስ አበባ ግን በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ያልተጠበቀው ነገር በሚበዛበት መንገድ የትኩረት ጉድለት ዋጋው ይንራል እንጂ ይረክሳል ብሎ ለመገመት ምክንያት የለም።

«እኔ ለምጄዋለሁ» የሚለውም ተፈትሿል። ጆኤል ኩፐርና ስትሬየር እ.ኤ.አ. በ2008 ተሳታፊዎችን ለቀናት እያወሩ ካስነዱ በኋላ አዲስ መንገድ ላይ ሲያወጧቸው ጉድለቱ እንዳለ ነበር። እውነት ነው፣ ጄሰን ዋትሰንና ስትሬየር እ.ኤ.አ. በ2010 ከ200 ሰዎች መካከል 2.5 በመቶ የሚሆኑ፣ ሁለቱን ሥራ አጣምረው ምንም ያልጎደለባቸው ሰዎች አግኝተዋል። ዴቪድ ሳንቦንማትሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ግን እያሽከረከሩ አዘውትረው በስልክ የሚያወሩት፣ ሁለት ሥራ አጣምሮ በመሥራት ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ያመጡት ነበሩ፤ ከተጠየቁትም 70 በመቶ ያህሉ ችሎታቸውን ከአማካዩ በላይ አድርገው ገምተዋል።