አትብላ

ባለፈው ክረምት፣ የፍልሰታ ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ደብረ ታቦርን አልፌ፣ የጉናን ጉም ሰንጥቄ፣ ነፋስ መውጫ አድሬ፣ በጋይንት ቤተ ልሔም አጠገብ ከሚኖሩት ከእናቴ ወንድም ቤት ስደርስ፣ እጅ መንሻ ይሆን ዘንድ የያዝሁት አንድ ጥንድ ጫማ ነበር። አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ስለ ሆኑ፣ ሊቃውንቱ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ከቃሉ በላይ የሰደሯቸውን፣ እንደ ጤፍ የደቀቁትን የዜማ ምልክቶች ለይቶ የለመደ ዐይን አላቸውና፣ ጫማውን ሳያዩ ከካርቶኑ ሥር የተወሸቀችውን፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ከረጢት አዩ።

«ይህስ ምን ይላል?» አሉኝ።

«አትብላ ይላል፣ የኔታ።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «በፍልሰታ አትብላ ብሎ የሚገዝተኝ ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ደግሞ ማን መጣብኝ?» አሉ። ከረጢቷንም አገላብጠው ካዩ በኋላ «አዳም የተከለከለው የሚያስጎመጅ ፍሬ ነበር፤ ይህን ግን ያ እባብ ራሱ ተመልሶ ቢመጣ ማንን ያስበላዋል?» ብለው ሳቁ።

እኔም የማውቀውን ያህል ነገርኋቸው። በከረጢቷ ያለው ሲሊካ ጄል የሚባል፣ ከአሸዋ ጋር አንድ ባሕርይ ያለው ነገር ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፍሬ በዐይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተበሳሳ በመሆኑ እርጥበትን እየሳበ ይይዛል፤ ስለዚህም ዕቃው በመርከብ ባሕር ሲያቋርጥ እንዳይሻግት አብሮት ይታሸጋል። በራሱ መርዝ አይደለም፤ ነገር ግን ኮባልት ክሎራይድ በሚባል ጨው ሰማያዊ ተደርጎ የተቀለመው፣ እርጥበት ሲነካው ወደ ሮዝ የሚለወጠው ዐይነት ጎጂ ነው፤ ደግሞም ይህችው ከረጢት ከደረቅ ምግብና ከክኒን ብልቃጥ ውስጥ ስለምትገባ፣ ሕፃን ስኳር መስሎት እንዳይታነቅባት ይፈራል። ስለሆነም ይህኛው ክልከላ፣ ከጫማ ጋር ሲገኝ ቢያስቅም፣ ፈጽሞ ከንቱ ነው ለማለት አልደፍርም።

ፈጽሞ ከንቱ የሆነውን የሚሻ ወደ አሜሪካ ይመልከት። በሚሺጋን እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የዓመቱን እጅግ አስቂኝ ማስጠንቀቂያ ላገኘ ሰው ሽልማት የሚሰጥ ውድድር ለዓመታት ይካሄድ ነበር፤ ከተሸለሙትም አንዱ በልብስ ማጠቢያ መኪና ላይ የተለጠፈው፣ ሰው ከዚህ ውስጥ አትጨምሩ የሚለው ነበር። ይህን የሚጽፍ ሰው የሚጽፈው አንባቢውን ደንቆሮ አድርጎ ስለ ቆጠረው አይደለም፤ ጽሑፉ ከመነሻውም ለአንባቢው አልተጻፈምና። የተጻፈው አንድ ቀን በችሎት ለሚቀመጠው ዳኛ ነው።

የዚህ ነገር ሁሉ አብነት ሆኖ የሚጠቀሰው፣ ብዙውን ጊዜም በሐሰት የሚተረከው፣ የማክዶናልድ ቡና ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በአልበከርኪ ከተማ አንዲት የ79 ዓመት አሮጊት፣ በቆመ መኪና ውስጥ ተቀምጠው፣ ስኳር ሊጨምሩ ክዳኑን ሲያነሡ ቡናው ተደፋባቸውና ሥጋቸውን በሦስተኛ ደረጃ ቃጠሎ አቃጠለው፤ ሆስፒታልም 8 ቀን ተኙ። ድርጅቱ ቡናውን ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርጎ ይይዝ እንደ ነበረና አስቀድሞም ወደ 700 የሚጠጋ አቤቱታ ደርሶት እንደ ነበረ በችሎት ስለ ተገለጠ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በቅጣት መልክ ብቻ 2.7 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት፤ ዳኛውም ኋላ ወደ 480 ሺህ ዝቅ አደረጉት። ወሬኛው የሚተወው ነገር ግን በዚያ ኩባያ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፎ መኖሩን ነው። ተጽፎ ነበር፤ ማንም ልብ የማይለው ሆኖ እንጂ።

ይህን ስተርክላቸው የአጎቴ ባለቤት ቡና እየቀዱልን ነበር። ሲኒው እጀታ የለውም፤ ጣት ከአፍ ቀድሞ ትኩሳቱን ይቀምሰዋልና፣ መያዝ ያቃተው ሰው ለመጠጣት አይደፍርም። ያ አሜሪካዊው የፎም ኩባያ ግን ሙቀቱን ከጣት ደብቆ ለጭን የሚያስረክብ ነበር።

እኛም ብንሆን መለጠፍን ከማንም አልተማርነውም። በየገዳሙ ካለው የብራና መጽሐፍ ብዙው በኅዳጉ ወይም በመጨረሻው ቅጠል የሰረቀውን፣ የፋቀውን፣ የሸጠውን በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የሚያወግዝ ግዝት አለው። ልዩነቱ ጸሐፊው አንባቢውን ማወቁ ነው፤ መጽሐፍ ይሰረቃል፣ ስምም ይፋቃል፣ ስለዚህ ሰው በእውነት የሚያደርገውን ከለከለ እንጂ ብራናውን ቀቅለህ አትብላ አላለም።

በጋይንትና በስማዳ ግን ትውልድ ሁሉ ያደገበት ሌላ ጽሑፍ አለ። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ጀምሮ፣ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህም በሴፍቲኔት፣ የርዳታ ስንዴና ዘይት ሲመጣ በጆንያውና በጣሳው ላይ አይሸጥም፣ አይለወጥም የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ታትሞ ይመጣ ነበር። ጆንያው የመኝታ ምንጣፍና የተማሪ ቦርሳ ሆነ፤ ጣሳውም ገበያ ወርዶ የእህል መስፈሪያ ሆነና፣ አይሸጥም የሚለውን ቃል በሆዱ ተሸክሞ ሲሸጥበት ኖረ። ማንንም አልጎዳም፤ ደግሞስ ዘይት ተርፎት ጨው ያጣ ሰው ዘይቱን በጨው ቢለውጥ ምን ኃጢአት አለበት?

በማይነበብ ቋንቋ የተጻፈ ሁሉ ግን እንዲህ በሳቅ አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ1971 ማብቂያ በድርቅ ለተጎዳችው ኢራቅ በሜርኩሪ መድኃኒት የታሸ የስንዴ ዘር መጣ፤ በጆንያው ላይ የሰፈረው ማስጠንቀቂያ በእስፓንኛና በእንግሊዝኛ ነበር። ገበሬው ቀዩ ቀለም በውኃ ሲለቅ መርዙም አብሮ የለቀቀ መስሎት ዱቄት አስፈጭቶ፣ ዳቦ ጋግሮ በላ። 6,530 ሰው ሆስፒታል ገባ፤ በሆስፒታል ብቻ 459 ሞተ። በእስቴ ቆላም ሆነ በስማዳ፣ ቀለም የተቀባ ምርጥ ዘር ወይም የጸረ አረም ጀሪካን ሲታይ ይህ ነገር ትዝ ይለኛል፤ ባዶው ጀሪካን ታጥቦ ውኃ ሲቀዳበት አይቻለሁና። ያ ማጠቢያ መኪና ለገዛው ሁሉ በገዛ ቋንቋው ሰው አትጨምር ብሎ ይናገራል፤ የራስ ቅል የተሳለበት ጀሪካን ግን ከሥዕሉ በታች ያለውን ፊደል ለማያውቀው ገበሬ ይሰጣል።

ስሰናበታቸው አጎቴ ከረጢቷን እንዳልጥላት ነገሩኝ፤ የቤተ ልሔም ክረምት ብራና ያሻግታልና፣ እርጥበት ከሳበች በድጓው ማኅደር ውስጥ ትኑር አሉ። ከዚያ በፊት ግን ብርዕ አንሥተው፣ በእንግሊዝኛው አጠገብ በቀይ ቀለም «ኢትብልዑ» ብለው ጻፉባት።

«ማን ይበላዋል ብለው አልነበር፣ የኔታ?»

«አንተ የቆሎ ተማሪ ሆነህ አታውቅም» አሉኝ።